ያገለገለ ራቭ ፎር ለቤተሰብ፦ ከኋላ ወንበር የሚጀምር ፍተሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከፍ ያለ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲያስብ ከሌሎች ሁሉ ቀድሞ ስሙ የሚነሣው ቶዮታ ራቭ ፎር ነው። መለዋወጫው መርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የሚታጣበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አሠራሩን የማያውቅ መካኒክ ከተማው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ለመሸጥ በተፈለገ ጊዜም ገዢ አያጣም። ራቭ ፎር ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የዋለው በ1994 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሁለተኛው ትውልድ በ2000፣ ሦስተኛው በ2005 መጨረሻ ተከትለውታል፤ አራተኛው ከ2013 ሞዴል፣ አምስተኛው ደግሞ ከ2019 ሞዴል ጀምሮ የመጡ ናቸው። ይህ ግምገማ በዋናነት የሚመለከተው ሦስተኛውን ትውልድ፣ ማለትም ከ2006 እስከ 2012 ሞዴል ያለውን ነው፤ ለቤተሰብ የሚበቃ ስፋት ይዞ ከአዲሶቹ ባነሰ ዋጋ የሚገኘው እሱ ስለሆነ። የመኪኖቹን የምርት ዓመትና የፋብሪካውን የእርማት ጥሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ሕጎች ደግሞ በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርበው ራቭ ፎር በአብዛኛው ለዓመታት እዚሁ የተነዳ፣ በእኛው መንገድ የተንገጫገጨና በእኛው ጋራዦች የተጠገነ ነው። ዕድሜው ቢገፋም ዋጋው እንደ ሌላው አገር አይወርድም። ገበያው ዋጋ የሚተምነው በታርጋው ፊደል፣ በሞዴሉ ዓመትና በቀለሙ ንጣት ስለሆነ፣ የተጠየቀው ገንዘብ ብዛት ስለ መኪናው ጤንነት የሚነግረን ነገር እጅግ ትንሽ ነው። የታርጋው ፊደል የሚናገረው መኪናው እዚህ የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ ከዚያ በፊት በሌላ አገር ስንት ዓመት እንደተነዳ አይደለም።

መኪናው ራሱ ጥሩ የቤተሰብ መኪና ነው። ከኋላ ሦስት ሰው በምቾት ይቀመጣል፣ ወለሉ ለጥ ያለ በመሆኑ መሐል ለሚቀመጠው እግር ማሳረፊያ አይቸግርም፣ የኋላው ወንበር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት የዕቃ ቦታውን እንደ አስፈላጊነቱ ማስፋት ይቻላል። ከመሬት ያለው ከፍታ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶንና የጉድጓድ መንገድ አያስጨንቀውም፤ ይሁን እንጂ የገጠር ፒስታ ለዓመታት እንዲበላ የተሠራ እንደ ላንድ ክሩዘር ያለ መኪና አይደለም፤ ያንን ከእሱ የሚጠብቁም ይሳሳታሉ። ድክመቱን ስንመለከት የጎማና የንፋስ ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጉዞውም በመጠኑ ጠንከር ያለ ነው። ትርፍ ጎማው የኋላ በር ላይ የሚሰቀልበት ዓይነት ከሆነ በሩ ከባድ ስለሚሆን በዓመታት ብዛት ማጠፊያው ይዳከማል፤ በሩን ግማሽ ከፍቶ ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ታች ዝቅ በማድረግ መላላቱን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ብዙ ገዢዎች ገና እንደደረሱ ኮፋኖ ያስከፍታሉ። እኔ የምመክረው ከኋላ ወንበር መጀመርን ነው፤ የቤተሰብ መኪና የሚገዛው እዚያ ለሚቀመጡት ነውና። በዚህ ትውልድ ላይ ደግሞ ለዚህ የተለየ ምክንያት አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 በመላው ዓለም 2.87 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ለእርማት የጠራ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሦስተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ነበሩ። የጥሪው ምክንያት ከባድ የፊት ለፊት ግጭት በሚደርስበት ጊዜ የኋላው የደኅንነት ቀበቶ ከወንበሩ ትራስ የብረት ፍሬም ጋር ተነካክቶ ሊቆረጥ መቻሉ ነው። ቀበቶ በተቆረጠበት ቅጽበት ልጁን የሚይዘው ነገር የለም። እርማቱ ቀላል ነበር፤ በብረቱ ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ ሽፋን መግጠም ብቻ ነው። ነገር ግን ከአውሮፓ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከአሜሪካ ወጥቶ እዚህ የገባ መኪና ጥሪው በተደረገ ጊዜ ባለቤቱ ደብዳቤ ያልደረሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወንበሩን ትራስ ከታች በኩል በባትሪ መብራት ተመልክቶ ሽፋኑ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ካልታየም የሻንሲውን ቁጥር ይዞ የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ፍተሻ ሳያደርጉ የገዙም ቢሆኑ ዛሬውኑ ቢያደርጉት እወዳለሁ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስበው ይመልከቱ። ዳር ዳሩ የተበላ፣ የደረቀ፣ ወይም ሲለቀቅ ተመልሶ የማይጠቀለል ቀበቶ መለወጥ አለበት፤ በድንገት በኃይል ሲሳብ የማይቆልፍ ከሆነም እንዲሁ። አንድ ቀበቶ ብቻ አዲስ ሆኖ ሌሎቹ አሮጌ ከሆኑ መኪናው አደጋ ደርሶበት ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሕፃናት ወንበር ማሰሪያ የሚሆኑት የብረት ቀለበቶች በኋላው ወንበር መደገፊያና መቀመጫ መካከል ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ በልብስ ወይም በቆዳ ሽፋን ተሰፍቶባቸው ስለሚጠፉ በእጅ መዳሰስ ይገባል። የወንበሩ ቆዳ አዲስ መሰፋቱ ለዓይን ያምራል፤ ሆኖም ከወንበሩ ጎን ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ሽፋኑ ኤርባጉ እንዳይፈነዳ ሊያግደው ይችላል።

ኤርባግን በተመለከተ ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ ምልክቱ መብራት፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላም መጥፋት አለበት። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ መብራቱ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል ማለት ነው፤ ይህም በርቶ ከመቅረቱ የባሰ ነው፣ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር እንዳለ ያሳያልና። ከሌላ መብራት ጋር ተቆራኝቶ እኩል የሚበራና እኩል የሚጠፋም ያጋጥማል። የመሪው መሐል ሽፋንና የጋቢናው ፊት ለፊት ያለው ፕላስቲክ ቀለማቸው ከቀሪው ዳሽቦርድ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን በፀሐይ ብርሃን ማየት ይጠቅማል፤ የፈነዳ ኤርባግ በማጣበቂያ ተለጥፎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ የሚታየው አካሉ ነው። የተመታ መኪና ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በር ወይም ፓራውልት ተጭሮ መቀባት በዚህ ከተማ ከማንም አያመልጥም። የማልቀበለው የተጎዳው የመኪናው አጥንት ሲሆን ነው። ለዚህም ኮፋኖውን ከፍቶ ራዲያተሩን የሚሸከመውን ብረትና በሁለቱም ጎን ወደ ኋላ የሚሄዱትን የሻንሲ ብረቶች ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ፋብሪካው የበየደው ነጥብ በነጥብ፣ እኩል ርቀት ባላቸው ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ስለሆነ በእጅ የተበየደው ወዲያው ይለያል። የኮፋኖውና የፓራፋንጎዎቹ ብሎኖች ቀለማቸው ተላጦ ከሆነ በመፍቻ ተነክተዋል። የትርፍ ዕቃ ቦታውን ምንጣፍ አንሥቶ ወለሉ የተጨማደደ ወይም አዲስ ማሸጊያ የተቀባ መሆኑን ማየት የኋላ ግጭትን ያሳያል። መስታወቶቹ ጥግ ላይ የአምራቹ ምልክትና የዓመቱ ቁጥር ታትሟል፤ ሁሉም ተመሳሳይ ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ ያ መስታወት ለምን ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ስቱኮ የበዛበትን ቦታ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይለየዋል፤ የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ባለሙያ ከተገኘ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚያሳይ ቦታ ስቱኮ አለበት። ጣሪያውና የጣሪያው ምሰሶዎች ከተቀቡ መኪናው ተገልብጦ ሊሆን ስለሚችል እንዲህ ያለውን ለቤተሰብ አልመርጥም፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪናም አልፎ አልፎ ይገኛል። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ሲቆሙ የሚያርፉበት አቅጣጫ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ አያያዝ፣ እንዲሁም ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ላይ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ምስክር ናቸው። መሪና ፍሬን በእጅ ሥራ የተዛወረበት መኪና ላይ ልጆች ማሳፈር ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን መኪናውን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ሊፍት ያለው ጋራዥ ሳይገቡ መግዛት በዚህ ሞዴል ላይ በተለይ አደገኛ ነው። ቶዮታ በ2012 በአሜሪካ ብቻ ከ700 ሺህ የሚበልጡ ከ2006 እስከ 2011 ሞዴል የሆኑ ራቭ ፎሮችን የጠራው በኋላ እግር ላይ ባለ አንድ ብረት ምክንያት ነው። ይህ ብረት የኋላ ጎማዎችን አቅጣጫ የሚያስተካክል ሲሆን፣ አላይመንት ከተሠራ በኋላ ማጥበቂያ ዳዶዎቹ በሚገባ ካልጠበቁ ክሩ ላይ መላላትና ዝገት ይፈጠራል፤ ቆይቶም ብረቱ ሊለያይና መኪናው ከአሽከርካሪው ቁጥጥር ውጪ ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር አላይመንት ስንት ጊዜ፣ በማን እጅ እንደተሠራ የሚያውቅ ስለሌለ፣ የሁለቱንም ጎን ብረቶች ክር በዓይን ማየት፣ ዳዶዎቹንም በመፍቻ መሞከር ግዴታ ነው። ዝገት ያነቃቸው ወይም የታጠፉ ከሆኑ መለወጣቸው በዋጋ ድርድሩ ውስጥ መግባት አለበት። በዚያው አጋጣሚ የሾክ አብዞርበሮቹን ዘይት መትፋት፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ ያሉትን የጎማ ቡሾች መሰንጠቅ፣ የአክስሉን የጎማ ሽፋኖች መቀደድና የግራሱን መርጨት አብሮ መመልከት ይቻላል።

የዚህ ትውልድ መሪ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ በመሆኑ የመሪ ዘይት የለውም። መሪው ሲዞር ወይም በጉድጓድ ላይ ሲታለፍ በእጅ የሚሰማ ‹‹ኳ›› የሚል ድምፅ ካለ ብዙ ጊዜ ከመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ የሚመጣ ነው፤ የሚጠገን ቢሆንም በዋጋ ላይ መነሣት ይኖርበታል።

ሞተሩ የሚታየው ቀዝቅዞ ባለበት ነው። ሻጩ መኪናውን አሙቆ ከጠበቀ ፍተሻውን ለሌላ ጠዋት ማስተላለፍ ይሻላል፤ በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ የሚነሣ ሞተር የሚደብቀው ነገር ጥቂት ነውና። በዚህ ትውልድ ላይ በብዛት የሚገኙት ባለ 2.0 እና ባለ 2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተሮች ናቸው፤ ሁለቱም የሚሠሩት በካቴና ስለሆነ ‹‹ቺንጋው መቼ ተለወጠ›› የሚለው ጥያቄ አይመለከታቸውም። ነገር ግን ሞተሩ እንደተነሣ ለጥቂት ሰከንዶች የሚሰማ የካቴና መንቀጫቀጭ ዘይቱ በወቅቱ እንዳልተለወጠ ወይም ካቴናው እንደላላ ያመለክታል። ባለ 2.4 ሊትሩ 2ኤዜድ የሚባለው ሞተር ከ2006 እስከ 2008 ሞዴል ባሉት ላይ ዘይት የመብላት ችግር እንዳለበት ቶዮታ ራሱ አምኖ በአሜሪካ ዋስትናውን አራዝሞለት ነበር። ችግሩ የፒስተኑ የዘይት ቀለበቶች በካርቦን መደፈን ሲሆን፣ ፋብሪካው እንደ መለኪያ የያዘው በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ አንድ ሊትር የሚጠጋ ዘይት መጥፋቱን ነው። በአንድ ቀን ፍተሻ ይህንን መለካት አይቻልም፤ ሆኖም የዘይት መለኪያው ብረት ምን ያህል እንደሚያሳይ፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ በእርጥብ ጥቁር ጥላሸት መሸፈኑን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነዳጅ ለቀቅ አድርጎ መልሶ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ መታየቱን መከታተል ብዙ ይነግራል። ሻጩ በጣም ወፍራም ዘይት ሞልቶበት ከሆነ ጭሱን ለጊዜው ሊሸፍነው ስለሚችል ምን ዓይነት ዘይት እንደተሞላ ይጠየቅ።

በእነዚህ የኤዜድ ሞተሮች ላይ ከዘይት የባሰ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ከሞተሩ ብሎክ ጋር የሚያጠብቁት ብሎኖች ክር አሉሚኒየሙን ይዞ የሚወጣበት አጋጣሚ ነው። ይህ በተለይ በሁለተኛው ትውልድና በሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ባሉት የሚታወቅ ሲሆን፣ የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ በሞተሩ የኋላ ጎን፣ ከጋቢናው ላሜራ ጋር በሚተያየው በኩል ስለሆነ ከፊት ሆኖ የሚያይ ሰው አያገኘውም። በመስተዋትና በባትሪ መብራት ከጀርባ ነጭ ወይም ሮዝ የደረቀ የራዲያተር ውኃ ምልክት መኖሩን መፈለግ ያስፈልጋል። ጓርኒሲዮን ብቻ ለውጦ መዝጋት ይህንን አያድነውም፤ ክሩ በብረት ማስገቢያ እንደገና መሠራት አለበት። ‹‹ሞተሩ አንድ ጊዜ ወርዷል›› የሚል ሻጭ ካለ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ሰዎች ይንቁታል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ስለሆነ፣ ጎማው የደረቀ ክዳንና የቧንቧ ውኃ ብቻ የተሞላ ራዲያተር ያለው መኪና ያለፈ የሙቀት ታሪክ ሊኖረው ይችላል። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ፤ ዝገት ወይም የዘይት ቅባት ከታየ ድርድሩ እዚያው ይቁም። ይኸው ከፍታ የሞተሩን ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚቀንስ ቤተሰብ ሞልቶ ዳገት ለሚወጣ ሰው ባለ 2.4 ሊትሩን እመርጣለሁ፤ የዘይት ፍተሻውን ካለፈ። ለከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን ባለ 2.0 ሊትሩ ይበቃል።

ኮምፒውተር ምርመራም አይቅር። ነገር ግን ማሽኑ ‹‹ምንም ስህተት የለም›› ማለቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከፍተሻው በፊት ስህተቶቹ ተሰርዘው ወይም ባትሪው ተነቅሎ ከሆነ ማሽኑ የመኪናው ውስጣዊ ፈተናዎች ገና እንዳልተጠናቀቁ ያሳያል። መርማሪው ይህንን እንዲያነብ መጠየቅ ይገባል። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በተመለከተ ማመን የሚቻለው ከእግር መርገጫዎቹ ጎማ፣ ከመሪው ቆዳና ከሾፌሩ ወንበር ጠርዝ መበላት ጋር ሲስማማ ብቻ ነው። 90 ሺህ የሚያሳይ መኪና የፍሬን መርገጫው ጎማ ላዩ ልሙጥ ከሆነ ቁጥሩ ተቀንሷል ብሎ መጠርጠር አግባብ ነው።

ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ዘይቱ ቀይና ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው የጥገናው ወጪ ከባድ ነው። በቆመበት ፍሬን ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማርሽ ማስገባት፣ ሲገባ የሚዘገይ ወይም የሚመታ መሆኑን ማዳመጥ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ትውልድ፣ በተለይ ከ2001 እስከ 2003 ሞዴል የአሜሪካ መኪኖች ላይ፣ እንዲህ ያለው መምታት ከካምቢዮው ሳይሆን ከሞተሩ ኮምፒውተር ሊመጣ ስለሚችል ካምቢዮ ከማውረድ በፊት እሱ ይመርመር። አራት ጎማ የሚጎትተው ዓይነት ከሆነ መቆለፊያ ቁልፍ አለው፤ ሲጫን ምልክቱ መብራት፣ ፍጥነቱ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያልፍ ራሱ መልቀቅ አለበት። ይህ ሥርዓት አራቱ ጎማዎች እኩል መጠንና ተቀራራቢ ጥልቀት እንዲኖራቸው ይፈልጋል፤ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ፣ ወይም ከፊት አንድ ከኋላ ሌላ መጠን ያለው መኪና የኋላውን መጋጠሚያ ለረጅም ጊዜ ሲያስጨንቅ ቆይቷል። ብዙዎቹ የሚይዙት መጠን 225/65 በ17 ሲሆን፣ ጎማው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት በጎኑ ላይ ባለ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይነበባል።

ለሙከራ ጉዞ የተሻለው መንገድ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ነው። ሲወጣ የሙቀት መለኪያውና የካምቢዮው አወራረድ፣ ሲወረድ ደግሞ ፍሬኑ ይፈተናል፤ በቁልቁለቱ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፍሬን ዲስኮቹ ተጣመዋል። ከተቻለም ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ በተፈቀደው ፍጥነት መንዳት በከተማ ውስጥ የማይሰማ የኩሽኔታ ጉምጉምታን ያወጣል። ሬዲዮው ይዘጋ፤ ከኋላ ወንበርም አንድ የቤተሰብ አባል ይቀመጥ፣ ከኋላ እግር የሚመጣ መንኳኳት ከሾፌሩ ይልቅ ለእሱ ይሰማዋልና።

አቅሙ ከፍ ያለ ገዢ ወደ አራተኛው ትውልድ ቢያልፍ ከ2013 እስከ 2018 ሞዴል ባሉት ላይ የባትሪውን መጠንና ማሰሪያ ይመልከት፤ ቶዮታ በ2023 በአሜሪካ ከ1.8 ሚሊዮን የሚበልጡትን የጠራው ትክክለኛ ያልሆነ መጠን ያለው ባትሪ ከማሰሪያው ተንቀሳቅሶ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ነው። ባትሪ ባገኘነው መጠን በምንለውጥበት ከተማ ይህ ጥሪ በቀጥታ ይመለከተናል። ሃይብሪድ የሆነውን አምስተኛውን ትውልድ የሚያስብ ደግሞ ወደ ኋላው ሞተር የሚሄደው ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ መጋጠሚያ ዝገት እንደሌለበት ያስመርምር።

ወረቀቱ እንደ መኪናው ሁሉ ይመረመራል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከታተመው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የሻንሲው ቁጥር በመስታወቱ ሥር ባለው ላሜራ ብቻ ሳይሆን አካሉ ላይ በተቀረጸበትም ቦታ መነበብ አለበት፤ ዙሪያው የተበየደ ወይም የተፋቀ ከሆነ መኪናው ምንም ያህል ቢያምር ይተው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ 6 ቁጥር 2006ን፣ 9 ቁጥር 2009ን፣ ቀጥሎ ያሉት የላቲን ፊደላት ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ያሉትን ያመለክታሉ። በዚያው ቁጥር የመኪናውን የአደጋ ታሪክ የመኪና ታሪክ በሚያቀርበው በካርፋክስ ማየት ስለሚቻል አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው በትንሽ ወጪ ሊያስወጣው ይችላል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ተከፍሎ መዘጋቱን የሚያሳየው የጉምሩክ ሰነድ ሳይታይ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጠውን ማስረጃ ከተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ማኅደር መጠየቅ፣ ቦሎው የዘመኑ መሆኑንና ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት አለመኖሩን ማየትም እንዲሁ።

በውክልና ብቻ መግዛትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሰዎች የስም ማዞሪያውን ወጪ ለመሸሽ ከሻጩ ውክልና ተቀብለው ለዓመታት ይነዳሉ፤ ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ስለሚቋረጥ ገዢው ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል። ከዚህ ሌላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ያገባ ሻጭ ብቻውን ቢመጣ የባለቤቱ ፊርማ ወይም በሕግ የተሰጠ ውክልና ያስፈልጋል፤ ያላገባ ከሆነም ያላገባበትን ማስረጃ ያቅርብ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት ይፈረም፤ የመጨረሻው ክፍያም ከዚያው ፊርማ ጋር ይሁን እንጂ አስቀድሞ አይሰጥ። ቀብድ ከተሰጠም በጽሑፍ ይሁን፤ መኪናው በጋራዥ ፍተሻ ካላለፈ ቀብዱ እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍበት።

መካኒኩን የሚመርጠው ገዢው ነው፤ ደላላው ያመጣው መካኒክ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲሳካ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። ለመካኒኩ የሚከፈለው መኪናው ቢገዛም ባይገዛም ይሁን፤ ያገኘውንም በወረቀት ይጻፍ። በዚያ ወረቀት ላይ የሻንሲ ብየዳ፣ የጣሪያ ቀለም፣ የተደበቀ የኤርባግ መብራት፣ የተነካ የሻንሲ ቁጥር ወይም ከቴስታታው ጀርባ የውኃ ምልክት ከሰፈረ ሌላ መኪና መፈለግ ነው። ሾክ፣ ጎማ፣ የፍሬን ዲስክ፣ ቀበቶ፣ የኋላ እግር ብረትና የበር ማጠፊያ ግን የሶማሌ ተራን ዋጋ ጠይቆ ከተጠየቀው ሒሳብ ላይ የሚቀነሱ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የኋላ ቀበቶዎቹና የኋላ እግር ብረቶቹ ልጆቹ መኪናው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት መለወጥ ያለባቸው ሲሆኑ ሌሎቹ እስከ ቀጣዩ ሰርቪስ ሊቆዩ ይችላሉ።